ከጓንሺክ በፊት የከፈሉ ሴቶች

«ዌን ላይፍ ጊቭስ ዩ ታንጀሪንስ» የተባለው የኮሪያ ድራማ ሲነሳ ሰው ሁሉ መጀመሪያ የሚጠራው ስም ጓንሺክ ነው። እንደ ጓንሺክ ያለ ባል፣ እንደ ጓንሺክ ያለ አባት። እውነት ነው፣ የሚወደድ ሰው ነው። ትንሽ ይናገራል፣ ብዙ ይሠራል፣ ከልጅነቱ ጀምሮ ልቡ ከአንዲት ሴት አልተነቃነቀም። አስራ ስድስቱን ክፍል ጨርሼ ሳስበው ግን ታሪኩን የተሸከመው እሱ ሆኖ አላገኘሁትም። የተሸከሙት ሴቶቹ ናቸው። ኤሱን የምትባል ልጅ፣ በኋላ የጓንሺክ ሚስት የምትሆነው፣ ባሕር ሳትገባ እንድትኖር፣ ከዚያም የኤሱን ልጅ ዩኒቨርሲቲ እንድትገባ ማን ምን ከፈለ? ድራማው ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው የሚቆጥረው ይህን ሒሳብ ነው። ስለ ባልየው ብቻ እያወራን ሒሳቡን ብንዘለው በጣም ያሳዝነኛል።

ላላያችሁት አስቀድሜ ልንገራችሁ። ታሪኩን እስከ መጨረሻው እነካካዋለሁ።

ድራማው በኔትፍሊክስ መታየት የጀመረው እ.ኤ.አ. ማርች 7 ቀን 2025 ነው። ከዚህ በታች የምጠቅሳቸው ዓመቶችም በዚሁ አቆጣጠር ናቸው። በየሳምንቱ አራት አራት ክፍል እየወጣ በአራት ሳምንት አለቀ። አራቱ ዙሮች በአራቱ ወቅቶች ተሰይመዋል፤ ጸደይ፣ በጋ፣ መጸው፣ ክረምት። ሊም ሳንግቹን በሚል የብዕር ስም የተጻፈ ነው። ዳይሬክተሩ ኪም ዎንሶክ «ማይ ሚስተር» የተባለውን ድራማ የሠራው ሰው ነው። ወጣቷን ኤሱንን አይዩ የምትባለው ዘፋኝና ተዋናይት፣ ወጣቱን ጓንሺክን ፓርክ ቦገም ይጫወቷቸዋል። ሲጎለምሱ ሙን ሶሪ እና ፓርክ ሄጁን ይረከቧቸዋል። አይዩ ደግሞ ተመልሳ የኤሱንን ልጅ፣ ጉምምዮንግን ሆና ትመጣለች። እናትና ልጅን በአንድ ፊት ማሳየት ተራ ዘዴ ሊመስል ይችላል። እዚህ ግን ትርጉም አለው። ልጅቷ እንደ እናቷ ላለመኖር የምትታገለው የእናቷን ፊት ይዛ ነው።

ቦታው ጄጁ ነው። ከኮሪያ ልሳነ ምድር በስተደቡብ ያለ የእሳተ ገሞራ ደሴት። ድንጋይ፣ ነፋስና ሴት የበዙበት ይሉታል። ዛሬ ለጫጉላ የሚሄዱበት፣ ብርቱካኑ የሚወራለት የመዝናኛ ቦታ ነው። የኤሱን ጄጁ ግን ሌላ ነው። ኤሱን የተወለደችው በ1951 ነው። የእኛው ቃኘው ሻለቃ ፑሳን ወደብ የወረደው በዚያው ዓመት ነበር። ከአዲስ አበባ የሄዱት ወታደሮች ያዩዋት የተራበችና የፈራረሰች ኮሪያ የኤሱን እናት ኮሪያ ነበረች። ጄጁ ደግሞ ከጦርነቱም በፊት ቆስላለች። ከ1948 ጀምሮ በደሴቲቱ ላይ በወረደው እልቂት በአስር ሺዎች የሚቆጠር ሰው አልቋል። ወንድ ባለቀበት አገር ቤቱን የሚያቆመው ማን ሊሆን ነው?

መልሱ ሄኒዮ ነው። ሄኒዮ የሚባሉት የጄጁ ጠላቂ ሴቶች ናቸው። ኦክስጅን የላቸውም። ትንፋሻቸውን ይይዛሉ፣ እስከ አስር ሜትር ይወርዳሉ፣ ከድንጋይ ላይ አባሎኒ የሚባለውን ውድ የባሕር ቀንድ አውጣ ፈልቅቀው ይወጣሉ። ሲወጡ አንድ የሚያፏጭ ትንፋሽ ይተነፍሳሉ። በክረምትም ይገባሉ፣ አርግዘውም ይገባሉ። በ2016 ዩኔስኮ ባህላቸውን በማይዳሰስ የሰው ልጅ ቅርስነት መዝግቦታል። ዛሬ የቀሩት ከ3,000 በታች ናቸው፤ አብዛኞቹም ከስድሳ ዓመት በላይ ናቸው።

እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፤ ስለ ሄኒዮዎች አንዳንድ ነገር ካላወቅን ድራማው በግማሹ ያመልጠናል። ሄኒዮዎች ብቻቸውን አይገቡም። በችሎታ ሦስት ደረጃ አላቸው፤ የላይኞቹ ጥልቁን ይወርዳሉ፣ ጀማሪዎቹ ዳር ዳሩን ይዘው ይማራሉ። ከባሕር ሲወጡ በድንጋይ በታጠረች ቦታ እሳት አንድደው ይሞቃሉ። የመንደሩ ጉዳይ የሚመከረውም እዚያው እሳት ዳር ነው። ዕድሜያቸው ለገፋ አሮጊቶች ጥልቀት የሌለውን ባሕር ይተዉላቸዋል፤ ወጣት ጠላቂ እዚያ አትገባም። ኦንፒዮንግ በምትባል መንደር ደግሞ የተቃጠለውን ትምህርት ቤት እንደገና ለማሠራት ከባሕሩ አንዱን ክፍል ለይተው፣ ከዚያ የሚወጣውን የባሕር አረም ሽያጭ ለትምህርት ቤቱ ሰጥተዋል። የትምህርት ቤት ባሕር ይሉት ነበር። እንግዲህ እነዚህ ሴቶች የነሱ ያልሆነን ልጅ ጭምር ለማስተማር ትንፋሻቸውን ሲከፍሉ የኖሩ ናቸው። በድራማው ውስጥ ሦስቱ ጠላቂ አክስቶች ኤሱንን ከበው ሲያሳድጉ ስታዩ ደራሲዋ የፈጠረችው ደግነት አይምሰላችሁ። ከዚሁ ሕይወት የተቀዳ ነው።

የኤሱን እናት ጓንግሬ ናት። ዮም ሄራን ትጫወታታለች። ያለችው በመጀመሪያዎቹ ክፍሎች ነው፤ ሆኖም ድራማውን በሙሉ ሞልታዋለች። በግንቦት 2025 በኮሪያው የቤክሳንግ የሽልማት ሥነ ሥርዓት የምርጥ ረዳት ተዋናይትነትን ያገኘችው በዚህ ሚና ነው። በዚያው መድረክ ድራማው በምርጥ ድራማነትና በምርጥ ድርሰትም ተሸልሟል።

ጓንግሬ ባሏ ሞቶባት ሌላ አግብታለች። ልጇ በሟቹ ባሏ ወንድም ቤት ነው የምትኖረው። ልጅ ተብላ ትኑር እንጂ የምታገለግለው እንደ ሠራተኛ ነው። እናትየው ከሩቅ ትከታተላለች። ልጄ ዓሣ ተሰጥቷታል ወይ? ሌሎቹ ልጆች ሲበሉ እሷም ደርሷታል ወይ? አልደረሳትም። ይህን ስታውቅ ሄዳ ልጇን ይዛ ትመጣለች። የእኛ አገር አንባቢ ይህችን ነገር ማብራሪያ ሳያስፈልገው ይረዳታል። ዘመድ ቤት ያደገ ሰው ሥጋው ለማን ለማን እንደደረሰ አይረሳም።

ኤሱን በትምህርቷ ጎበዝ ናት። ለክፍል አለቃነት ተወዳድራ ብዙ ድምፅ ታገኛለች፤ አለቃ የሚደረገው ግን የሀብታሙ ልጅ ነው። ግጥምም ትጽፋለች። አንዱ ግጥሟ አባሎኒን ይራገማል። እናቴን ከኔ የሚወስዳት እሱ ነው ትላለች። አንድ መቶ ህዋን (የዚያን ጊዜ የኮሪያ ገንዘብ) ቢኖረኝ የእናቴን አንድ ቀን ገዝቼ ባሳረፍኳት ትላለች። አስር ዓመት እንኳ በቅጡ ያልሞላት ልጅ የእናቷን ድካም በገንዘብ ተምናዋለች። ይህን ስሰማ የድራማው ሒሳብ ከየት እንደሚጀምር ገባኝ። የመጀመሪያው ሒሳብ ያዥ ልጅቷ ራሷ ናት።

እናትየው በ29 ዓመቷ ትሞታለች። ሃያ ዘጠኝ! ሳንባዋ ነው የከዳት። ከመሞቷ በፊት ለልጇ የምትነግራት ነገር አጭር ነው፤ ባሕር አትግቢ፣ እንደኔ አትኑሪ። የጄጁ ሴቶች «ሴት ሆኖ ከመወለድ ላም ሆኖ መወለድ ይሻላል» ይሉ ነበር። ጓንግሬ ልጇን ከዚህ አባባል ማውጣት ትፈልጋለች። ግን የምትሰጣት መሬትም ገንዘብም የላትም። ያላት ምኞቷ ብቻ ነው። ለኤሱን ምኞቱ ዕዳ ሆኖባት ይቀራል። ዕድሜዋን ሙሉ ትከፍለዋለች።

ከዚህ በኋላ የሚመጣው የወጣቶቹ ፍቅር ቆንጆ ነው። ጓንሺክ ገበያ ላይ የኤሱንን ጎመን ይሸጥላታል፤ እሷ አጠገቡ ቁጭ ብላ መጽሐፏን ታነባለች። ግን ሰው ቶሎ የሚያልፋት አንዲት ነገር አለች። ሁለቱ ተያይዘው ወደ ፑሳን ይጠፋሉ፤ ተዘርፈው፣ ተዋርደው ይመለሳሉ። ጥፋቱ የሁለቱ ነው። ቅጣቱ ሲመጣ ግን ጓንሺክ ለጊዜው ከትምህርት ይታገዳል፤ ኤሱን ጭራሽ ትባረራለች። የገጣሚነት ሕልሟ የተቀጨው በዚህች በአንዲት የትምህርት ቤት ውሳኔ ነው። ድራማው ብዙም አይጮህባትም። ያሳየናል፣ ያልፋል። እኔ ግን በዚች ቦታ ከየትኛውም የለቅሶ ትዕይንት በላይ ተናድጃለሁ። ጓንሺክ ከመርከብ ላይ ዘሎ እየዋኘ ወደሷ ሲመለስ ልቤ ቀልጧል፣ አልዋሽም። ከዚያ ግን አሰብኩት። እሱ ሲመለስ ያጣውን ያጣው በፈቃዱ ነው። እሷ ያጣችውን ሲወስዱባት ማንም አልጠየቃትም።

ሲጋቡ ኤሱን በባሏ ቤት ምራት ትሆናለች። በዚያ ቤት ወንዶቹ በአንድ ገበታ፣ ሴቶቹ ዝቅ ባለ ሌላ ገበታ ነው የሚበሉት። ጓንሺክ አንድ ቀን ፊቱን አዙሮ ከሚስቱ ጋር መብላት ይጀምራል። ንግግር የለም፣ ጭቅጭቅ የለም። ፊቱን ብቻ አዞረ። ቤቱ ተናወጠ። ስለ ጓንሺክ ከተሠሩት ትዕይንቶች ሁሉ እኔ የማስበልጠው ይህን ነው። ከመርከብ መዝለል የአንድ ቀን ጀግንነት ነው። እናትህና አያትህ እያዩህ በራስህ ቤት ገበታ መገልበጥ ግን ነገም ከነገ ወዲያም የሚያስከፍል ነው።

ያም ሆኖ ሁለቱ ወጣቶች ከቤት ሲወጡ የሚያድናቸው የጓንሺክ ጉልበት አይደለም። ሥራ ያጣል፣ ሩዝ ያልቃል። የተከራዩበት ቤት ባለቤቶች፣ ሁለት አዛውንቶች፣ በድብቅ ሩዝ ማስቀመጫዋ ውስጥ እፍኝ እፍኝ ይጨምራሉ። ኤሱን ጧት ጧት ስትከፍተው ሩዙ አላለቀም። አዛውንቶቹ ምንም አይሉም። እንዳታፍር ነው። ከዚያ ደግሞ አያቷ አለች። የሟቹ አባቷ እናት፣ ያን ያህል ፍቅር ያላሳየቻት ሴት፣ ያጠራቀመችውን ገንዘብ አምጥታ ጀልባ ግዢበት ትላታለች። በሦስቱ ልጆች ስም የተሰየመችው ጀልባ ከአሮጊት ጉያ የወጣች ናት። ጓንሺክ ያንን ጀልባ እየነዳ ቤተሰቡን አቆመ እንላለን። ልክ ነው፤ የገዛችው ግን አሮጊቷ ናት።

የመጨረሻው ልጃቸው ዶንግምዮንግ በአውሎ ነፋስ ቀን ይሞታል። ስለዚህ ብዙ አልጽፍም። ያየ ሰው ያውቀዋል፤ ያላየ ራሱ ይየው። አንድ ነገር ብቻ። ቤተሰቡ ውስጥ ያለ ሰው ሁሉ፣ ሕፃናቱም ጭምር፣ ጥፋቱ የኔ ነው ብሎ ለየብቻው ይዞት ይኖራል። ዓመታት ሙሉ አይነጋገሩበትም።

አሁን ወደ ጉምምዮንግ ልምጣ። ለኔ ድራማው ከአማካይ የኮሪያ ድራማ የተለየው እዚህ ላይ ነው።

ጉምምዮንግ የኤሱን የመጀመሪያ ልጅ ናት። የጓንሺክ ቤተሰቦች ገና በሕፃንነቷ ጠላቂ እንድትሆን ሲመኙላት ኤሱን በቁጣ ተነስታ እምቢ ብላለች። በባሕር ፈንታ ሦስት ጎማ ብስክሌት ገዝታላታለች። ጉምምዮንግ አደገች፣ ሴኡል ብሔራዊ ዩኒቨርሲቲ ገባች። በኮሪያ ከዚህ በላይ የሚገባበት የለም። ወደ ጃፓን ለትምህርት ስትሄድ ወላጆቿ ቤታቸውን ሸጡ። እንግዲህ ሁሉም ነገር ተሳካ ማለት ነው። ጓንግሬ የተመኘችው ደረሰ። አያትየው የከፈለችው ፍሬ አፈራ።

ታዲያ ልጅቷ ምን ሆነች? ተናዳፊ ሆነች። ስልክ ሲደወልላት ታመናጭቃለች። እናቷ ምግብ ጠቅልላ ስትልክ ትነጫነጫለች። አባቷ ሲመጣ ታፍራለች፤ ከዚያ በማፈሯ ታፍራለች። ብዙ ተመልካች በዚች ልጅ ተናዷል። «ይህን ሁሉ ከፍለውላት!» ብሏል። እኔ ግን ደራሲዋ ከሌላው ቦታ ሁሉ በላይ ሐቀኛ የሆነችው እዚህ ነው እላለሁ። ሰው መክፈል የማይችለው ዕዳ ሲኖርበት አበዳሪውን ማየት ይከብደዋል። ቤት ተሸጦ የተማረ ልጅ በወደቀ ቁጥር የሚወድቀው ብቻውን አይደለም፤ ቤቱም አብሮ ይወድቃል። አርፎ መተኛት አይችልም። ስህተት የመሥራት መብት የለውም። ጉምምዮንግ የምትጮኸው ወላጆቿን ስለማትወድ አይደለም። የወሰደችውን በደንብ ስለምታውቅ ነው።

ራሷ ተራኪዋ ጉምምዮንግ አንድ ቦታ ላይ ወላጅ ልጁን ያሳነሰበት ነገር ሲያንገበግበው ይኖራል፣ ልጅ ደግሞ ያስቀየሙት ነገር ብቻ ልቡ ውስጥ ይቀራል ትላለች። ይህ የበሰለ አስተያየት ነው። ሁለቱም ወገን ሒሳብ ይይዛል፣ ግን የሚጽፉበት ደብተር የተለያየ ነው።

ይህን ሳይ ዱባይና ቤይሩት ቤት ሠራተኛ ሆነው ወንድም እህት የሚያስተምሩ ልጆቻችንን አስቤያለሁ። የእነሱ ዕዳ በተቃራኒው አቅጣጫ የሚሄድ ነው፤ ልጅ ለወላጅ ይከፍላል። በዚያ ገንዘብ የተማረ ታናሽ ወንድም ስልክ ሲያነሳ ድምፁ ለምን እንደሚጎረብጥ ግን ጉምምዮንግን ያየ ሰው ይገባዋል።

የልጅቷ የመጀመሪያ እጮኛ ዮንግቦም ጥሩ ልጅ ነው፣ እናቱ ግን የጉምምዮንግን ቤተሰብ ትንቃለች። ልጅቷ ሠርጉን የምትተወው ወላጆቿ ሲዋረዱ ማየት ስለማትችል ነው። በኋላ ሌላ አግብታ አባቷ ሲድራት ጓንሺክ የሚነግራት ሁልጊዜ የሚነግራትን ነው። ትምህርት ቤት ስትገባም ብሏታል፣ ሩጫ ስትወዳደርም ብሏታል። ካልሆነልሽ ተመለሺ፣ ወደኔ ሩጪ። ብዙዎቻችን ከቤት ስንሸኝ የተነገረን «በርቺ፣ አታሳፍሪን» የሚል ነው። ተመለሺ ማለት ግን ዕዳውን መሰረዝ ነው። ወድቀሽ ብትመጪ የተሸጠውን ቤት አልቆጥርብሽም ማለት ነው። ጓንሺክ ምርጥ አባት ከተባለ ለኔ በዚህ ነው።

ይህ ድራማ በ2025 ኮሪያ ውስጥ ለምን እንዲህ ልብ ነካ? እዚህ ላይ ከስክሪኑ ወጣ ማለት ያስፈልጋል። በ2023 አንዲት የኮሪያ ሴት በዕድሜዋ ትወልዳለች ተብሎ የሚገመተው የልጅ ቁጥር 0.72 ነበር። በ2024 ትንሽ ከፍ ብሎ 0.75 ሆኗል፤ ከዘጠኝ ዓመት በኋላ የመጀመሪያው ጭማሪ ነው። ሕዝብ ቁጥሩ እንዳይቀንስ 2.1 ገደማ ያስፈልጋል። የኮሪያው ቁጥር ከዓለም ዝቅተኛው ነው ማለት ይቻላል። መንግሥት ገንዘብ ይሰጣል፣ ቤት ያመቻቻል፣ ወጣቶቹ ግን አይወልዱም። ስንፍና ነው፣ ራስ ወዳድነት ነው የሚሉ አሉ። እኔ እንጃ። ይህን ድራማ ያየች የሴኡል ወጣት ግን ምን ልታስብ እንደምትችል አስቡት። ልጅ ማሳደግ ማለት ቤት መሸጥ ነው፣ ጀልባ መሸጥ ነው፣ ሕልምን መተው ነው። እናቷ ይህን አድርጋላታለች። እሷ ለሌላ ሰው ማድረግ ትችላለች? ወላጆች ዛሬም ይከፍላሉ፤ በ2024 ለግል ማጠናከሪያ ትምህርት የወጣው ገንዘብ 29.2 ትሪሊዮን ዎን ነው። ባሕሩ በትምህርት ቤት ክፍያ ተተክቷል፣ ትንፋሹ ግን ያው ነው።

ሌላም አለ። የኤሱን ትውልድ ሴቶች በአብዛኛው ዕድሜያቸው የኖሩት ወንድን የቤተሰብ ራስ አድርጎ በሚመዘግብ ሕግ ሥር ነው። ሕጉ ሙሉ በሙሉ የቀረው በ2008 መጀመሪያ ላይ ነው። በ1990 በኮሪያ ለ100 ሴት ሕፃናት 116.5 ወንዶች ይወለዱ ነበር፤ ሴት ፅንስ እየተመረጠ ይወርድ ስለነበረ ነው። ያኔ ከሞት የተረፉት ሴት ሕፃናት ዛሬ በሠላሳዎቹ ዕድሜ ያሉ፣ ውለዱ የሚባሉት ሴቶች ናቸው። ጓንግሬና ኤሱን ሴት ልጅን እንደ ወርቅ ሲይዙ ማየት ለእነሱ ተራ የቤተሰብ ታሪክ አይደለም። እናቶቻቸው ያላገኙትን፣ እነሱም በጥርጣሬ የሚያዩትን ነገር ነው የሚያዩት።

እስካሁን አመሰገንኩ። ያልተዋጠልኝም አለ።

አንደኛው ራሱ ጓንሺክ ነው። ከገበታው ትዕይንት በኋላ ድራማው ይህን ሰው አንዴም እንዲሳሳት አይፈቅድለትም። አይጠጣም፣ አያመናጭቅም፣ አይሰለችም፤ በደም ካንሰር ሲሞት እንኳ ለሚስቱ ያስባል። ፓርክ ሄጁን በጥሩ ትወና ስላዳነው እንጂ ሰው መሆኑ እየቀረ ነበር። ይህ ፍጽምና ኤሱንን ይጎዳታል። ባሏ ይህን ያህል ጥሩ ከሆነ ስለ ቀረባት ትምህርትና ግጥም ማዘን የማይገባት ይመስላል። ደራሲዋ ይህን ያወቀችው ይመስለኛል፤ በመጨረሻ ኤሱን የግጥም መጽሐፏን ታሳትማለች። መጽሐፉን ተቀብላ እያነበበች የምታለቅሰውን የአሳታሚ ቤት አርታዒ የምትጫወተው የኤሱንን እናት የሆነችው ዮም ሄራን ናት። ጎበዝ ውሳኔ ነው፣ አለቀስኩ። ሆኖም ግጥሞቹን ራሳቸውን የሰማናቸው በጣም ጥቂት ነው። ስልሳ ዓመት የጠበቀች ገጣሚ ካለች ግጥሟን አንብቡልን።

ሁለተኛው ኡንምዮንግ ነው፣ በሕይወት የቀረው ወንድ ልጅ። ቤት የተሸጠው ለእህቱ ነው። እሱ እዚያው ጄጁ ቀረ፣ ንግድ ሞከረ፣ ተጭበረበረ፣ ጉድ ውስጥ ገባ። አባቱ ጀልባውን ሽጦ ነው ያወጣው። ስለ አንድ ጎበዝ ልጅ የሚከፍል ቤተሰብ ሁልጊዜ ሌላ ልጅ አለው፤ እሱ ምን ተሰማው? አንዴ ብቻ ልቡን አውጥቶ ይናገራል። የሚናገረውም እውነት ነው። ከዚያ ድራማው ወደ ጉምምዮንግ ይመለሳል። ኡንምዮንግ ቀላጅ ሆኖ ይቀራል። ስለ ዕዳ እንዲህ በጥንቃቄ የጻፈ ሰው ያልተከፈለለትን ልጅ እንዲህ በቀላሉ ማለፉ አላስደሰተኝም።

በጣም የከነከነኝ ግን ቡ ሳንግጊል ነው። ሀብታሙ የጀልባ ባለቤት፣ ኤሱንን ሊያገባ የነበረው ሰው። ሠራተኛ ይሰድባል፣ ቤተሰቡን ያሸብራል፣ ሚስቱን ይመታል። ተዋናዩ ቼ ዴሁን በጣም አሳምሮ ስለተጫወተው ቤክሳንግ ላይ ምርጥ ረዳት ተዋናይ ተብሏል፤ ይገባዋል። ችግሩ ዕድሜው ሲገፋ የሚሰጠው ቦታ ነው። ጸጉሩ ሲሸብት፣ ሲብሰለሰል፣ ብቻውን ሲቀር ድራማው ሙዚቃውን አለስልሶ የሚያስቅ ሽማግሌ ያደርገዋል። ልጁ ኡንምዮንግን አግብታ የእነ ጓንሺክ ቤተሰብ ስለሆነ ይቅር ተባለ ማለት ነው? ሰዎች የሳንግጊልን አባባል እየደገሙ እንደ ቀልድ ሲያዘዋውሩት አይቻለሁ። የሚገርመኝ ጓንሺክን የሚያደንቀው ሰውና በሳንግጊል የሚስቀው ሰው አንድ መሆኑ ነው።

የሳንግጊል ሚስት ዮንግራን ናት። ገና ልጅ ሳለች ነው ያገባችው። ኤሱን ያመለጠችውን ጋብቻ የገባችበት እሷ ናት። አስቡት፤ ጓንሺክ ከመርከብ ዘሎ ባይመለስ ኖሮ የኤሱን ሕይወት ይህን ነበር የሚመስለው። ዮንግራን ዱላውን፣ ስድቡን፣ ሌላ ሴት መያዙን ችላ ልጆቿን አሳደገች። አርጅታ ፍቺ ጠየቀች። ማንም ዘሎ አልመጣላትም። ሩዟን በድብቅ የሚሞላ አልነበራትም። ጀልባም የሚገዛላት አልነበረም። የከፈለችው ሁሉ ከራሷ ነው። አራቱ ወቅቶች ውስጥ የእሷ ፍቺ የሚያልፈው በጥቂት ደቂቃ ነው። ለዶንግምዮንግ ሞት፣ ለጉምምዮንግ ሠርግ፣ ለጓንሺክ ሕመም ሰፊ ጊዜ ተሰጥቷል። ለዮንግራንም አንድ ሙሉ ክፍል ይገባት ነበር።